በጾሙ ቀን የበላን ሰዎች

አማቴ ምጥን የሚያዩት እንደ እርሻ ሥራ ነው። ጉልበት ይጠይቃል፣ ላብ አለው፣ ሌላ ሰው ሊተካሽ አይችልም። ስለዚህ በባዶ ሆድ አይወጣበትም። እሳቸው ሰባት ልጆቻቸውን የወለዱት ከምባታ አገር፣ በገዛ ቤታቸው፣ ሆዳቸው ሞልቶ ነው። ከሰባቱ አንዱ ባለቤቴ ነው።

የእኔ ምጥ የጀመረው ጠዋት፣ ዓለም ባንክ ባለው ቤታችን ልብስ ሳጣጥፍ ነው። ወገቤን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ዝም ብዬ ማጣጠፌን ቀጠልኩ። እንደገና ሲይዘኝ ባለቤቴን ጠራሁት። አማቴን ግን መጥራት አላስፈለገም፤ ማንም ሳይነግራቸው አውቀው ወጥ ቤት ገብተዋል።

ወደ ወጥ ቤቱ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ጨንግፈውብኛል። ከዚያ ብዙ ዓመት ምንም አልመጣም። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን እየመጡ ይጸልዩልኝ ነበር። የአንዳንዶቹ ድምፅ አጥር ይሻገራል። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ የማኅፀኔን ነገር ያውቃል። ባለሱቁ ሳይቀር ስኳር ሲመዝንልኝ፣ አይዞሽ ይሰጥሻል፣ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ሲሰጠኝ ከጌታ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህን ልጅ በሕይወት ማቀፍ። ወንድም ይሁን ሴት፣ ቀይም ይሁን ጥቁር፣ አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጅ ነው። ወንበር ይደረድራል፣ አርፍዶ የመጣውን ሰው ይዞ ሄዶ ከፊት ያስቀምጣል። ማደራጀት ይወዳል። ምጥ እንደ ያዘኝ ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው መኪና መጥራት አልነበረም። በምእመናኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጾም አወጀ። እናትና ልጅ በሰላም እስኪተያዩ ድረስ ማንም እህል እንዳይቀምስ። አሜን ይዘንብ ጀመር። አንዲት እህት በስህተት የኬክ ሥዕል ላከችና ወዲያው አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ነው መኪና የተጠራው።

በዚህ መሃል አማቴ የቡላ ገንፎ ይዘው ወጡ። መሃሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል። ቡላ እኮ ለአራስ ነው፣ አልኳቸው።

"ለአራስማ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው" አሉኝ። "ጉልበት የሚያስፈልግሽ ሳታርሺ ነው ወይስ አርሰሽ ስትመለሺ?"

ምጡም መጣ። ምጥ ሲይዘኝ ማንኪያውን አንስተው ይጠብቃሉ፤ ሲለቀኝ ያጎርሱኛል። እንዲህ እየተደማመጥን ሳህኑን ጨረስነው። ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ባለቤቴ ሻንጣዬን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ምራቁን ሲውጥ አየሁት። "እኔ ጾም ላይ ነኝ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ሆዴን ሲያዩ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝና "ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አማቴ ግን ጮክ ብለው አሜን አሉ። ባለቤቴ ዞሮ ሲያያቸው፣ "ሰውዬው ከልባቸው ነው የመረቁን" አሉት። "ክርክሩን ከወለደች በኋላ ትደርስበታለህ።"

አየር ጤና ላይ ሚኒባሶቹ ተቆላልፈው ነበር። ሹፌራችን በመስኮት ብቅ ብለው፣ ምጥ ነው፣ ሲሉ ሲሰዳደቡ የነበሩት ሹፌሮች ስድባቸውን አቁመው አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹልን። እንዳለፍን ስድቡ ካቆመበት ቀጠለ። እየቃተትኩም ቢሆን አመሰገንኳቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ ነርስ ሆዴን ዳሰሰች። እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ አልትራሳውንዱን አስጠግታ አየች። ባለፈው ቀጠሮዬ የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ነበር፤ ተዘጋጅቷል ብለውኝ ነበር። አሁን ግን ሆዴ ውስጥ አግድም ተጋድሟል፣ አለችኝ።

"አባቱም ሶፋ ላይ እንደዚሁ ነው" አሉ አማቴ። "አስር ጊዜ ካልጠሩት አይነሳም።"

ነርሷ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፤ ጎንበስ ብላ ስታይ ሳቋ ጠፋ። እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ወርዷል። ልጁ ከላይ ከተጫነው የራሱን ደም ራሱ ይዘጋል ማለት ነው። እጇን አስገብታ ልጁን ከእትብቱ ላይ ወደ ላይ ገፋችውና በዚያው ያዘችው። "ከዚህ በኋላ እጄን አላወጣም" አለችኝ። "ኦፕራሲዮን ክፍል አብረን ነው የምንገባው።"

እውነትም አብረን ገባን። እኔ አልጋው ላይ በጉልበቴና በክርኔ ተደፍቼ፣ እሷ ከኋላዬ ተንበርክካ፣ ሁለታችንን በአንድ አልጋ እየገፉ በኮሪደሩ አሮጡን። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ልክ ያን ጊዜ ደርሰው በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው ነበር። እንዲህ ሆኜ ነው በፊታቸው ያለፍኩት። አንዷ "ኢየሱስ" አለች። የምትጸልይ ይሁን የደነገጠች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ተቀበለን። ዝግ ያለ ሰው ነው። ዛሬ ምግብ ቀምሰሻል ወይ፣ አለኝ። ቡላ፣ አልኩት። መቼ? ከቤት ስወጣ። ትንሽ ነው? አማቴ ከኋላ እየተከተሉ ኖሯል።

"ሳህኑን ጠርጋዋለች" አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር።

ሰውዬው ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እያረጋጋ አስረዳኝ። ሆዱ የሞላ ሰው ሙሉ በሙሉ ሲያንቀላፋ የበላው ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አያስተኛኝም፤ ከወገቤ በታች ብቻ ያደነዝዘኛል። ሁሉንም እሰማለሁ። ካቅለሸለሸኝ ቶሎ ልነግረው ይገባል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና ስንት ሰው ስለ እኔ ምግብ ሳይቀምስ እየዋለ ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ እንዲጾም የሚፈልጉት ሰው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እኔ ቅቤ ጠጥቼ መጥቻለሁ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ ሳቅ መጣብኝ። ከኋላዬ ያለችው ነርስ "እባክሽ አትሳቂ፣ እጄ ይንቀሳቀሳል" አለችኝ።

መርፌውን ወጉኝ፤ እግሮቼ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ከደረቴ በላይ ጨርቅ ጋረዱ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ራሴ አጠገብ ተቀምጦ ቅቤው የየት ነው አለኝ። እንዳልፈራ ብሎ መሆኑን አውቄያለሁ።

"የከምባታ" አልኩት።

"ያስታውቃል" አለኝ። ወዲያው አንገቴን ወደ ጎን አዘንብሎ ዕቃ ያዘልኝ፤ ከአማቴ ድካም ግማሹ ወጣ። አፌን በጨርቅ ጠረገልኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬውን ቀጠለ። ጌታ ዘሩን ይባርክ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሆዴ ውስጥ ሰው ከጆንያ ሥር የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። አላመመኝም፤ ግን መጎተቱን አውቀዋለሁ። ከዚያ ድንገት ቀለለኝ።

ሴት ናት፣ አለች አንዷ።

ጠበቅኩ። ሰው ሲወልድ ብዙ ጊዜ ደጅ ቆሜ አውቃለሁ። ወጣ ከተባለ በኋላ የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። አልተሰማም። መቀስ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ የሰው እግር ሰማሁ፣ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። "ለምን አታለቅስም?" አልኩ። "እየረዷት ነው" አለኝ ራሴ አጠገብ ያለው ሰው። ስለ ቅቤ መጠየቁን ተወ።

ጌታ ሆይ፣ አልኩ፣ ሰጠኸኝ ብዬ እንዳመሰግንህ ገና አላቀፍኳትም። አሳቅፈኝ። ከዚህ ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ማኅፀኔ አልሰበሰብ ብሎ ደም ፈሰሰኝ። በሁለቱም ክንዴ መርፌ ተሰካ፤ የሰዎቹ ድምፅ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። የሆነውን የማስታውሰው እስከዚህ ነው። በግቢው የሆነውን የነገረችኝ እህቶችን የምታስተባብረው እህት ናት። እንደነገረችኝ ልንገር።

ሆስፒታሉ ከነበረው ደም ለእኔ ሰጠኝ። ቤተሰብ ደግሞ በምትኩ እንዲለግስ ተጠየቀ። ባለሙያው ወጥቶ፣ ደም የሚሰጥ አለ ወይ ሲል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተነሳ። እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ደስ አለው። ከዚያ የመጀመሪያዋን እህት ምን እንደ በላች ጠየቃት። ምንም፣ አለችው። ቀጣዩን ጠየቀ። ምንም። ሰልፉን በሙሉ በዓይኑ አየ። ያልበላ ሰው ደም ቢሰጥ ይወድቃል፣ አልቀበልም፣ አላቸው። የበላ ሰው የለም?

እህል አንቀምስም ብለው በጌታ ፊት ቃል ገብተዋል፤ እኔም ልጄም ገና አልተያየንም። አንዷ፣ ግድ የለም እኔ ብወድቅም ውሰዱ፣ አለች። ባለሙያው የሚወድቅ ሰው የሚያነሳበት ጊዜ እንደሌለው ነገራት።

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ ፊት መጣ።

"እኔ መስጠት እችላለሁ" አለ።

"አንተም ጾም ላይ አይደለህ እንዴ?" አለችው አስተባባሪዋ።

"በሩ ላይ ሳምቡሳ ይሸጡ ነበር" አለ። ጫማውን እያየ ነው የተናገረው። ጾሙን ያወጀው እሱ መሆኑን የማያውቅ በዚያ አልነበረም። ባለሙያው ግን ደስ ብሎት፣ ጎሽ፣ ግባ፣ ብሎ እጁን ይዞ ወሰደው። አስተባባሪዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ "ጌታ ሁልጊዜ አስቀድሞ ያዘጋጃል" አለች። ሳምቡሳውን ይሁን ባለቤቴን፣ አላብራራችም።

አንድ ሰው አይበቃም ነበር። መጋቢያችን ደርሰው ነገሩን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። በመጨረሻ፣ ጾማችሁን ጌታ ተቀብሏል፣ አሁን የሚፈለገው ደማችሁ ነው፣ ሂዱና ብሉ፣ አሏቸው። እህቶች መንገድ ተሻግረው ካለው ምግብ ቤት ገብተው ፍርፍር አዘዙ። ቆመው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ተቀምጠውም በመታዘዝ መንፈስ በሉ። አንዷ ያዘዘችውን ጨርሳ ስታበቃ፣ ለደሙ ብላ፣ ሌላ ጨመረች አሉ። ተመልሰው ክንዳቸውን ሰጡ። ዛሬም ከመካከላቸው አንዷን መንገድ ላይ ሳገኝ ክንዷን ጨበጥ አድርጌ ነው የምሰናበታት።

በማግሥቱ ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሦስት ወላዶች ነበሩ። ሦስቱም ልጆቻቸውን አቅፈዋል። የእኔ አልጋ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ነርሶቹን ስጠይቅ፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ናት፣ ሐኪሙ ያነጋግርሻል፣ ይሉኛል። ባለቤቴን ጠዋት ለአፍታ ወደ እኔ አስገብተውት ነበር። ደህና ናት፣ አለኝ፤ ፈገግ አለ። አየሃት ወይ ስለው፣ አላስገቡኝም፣ አለ። ባለቤቴ ሲዋሽ ፈገግ ይላል፤ ሲጨንቀውም ፈገግ ይላል። ልዩነቱን በትዳር ዘመናችን ሁሉ አልደረስኩበትም።

አጠገቤ ያለችው ወላድ ልጇን ወደ እኔ ዞራ ማጥባት ከበዳት መሰለኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ደግ ሴት ናት። ባትዞር ግን በወደድኩ።

በአገራችን መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ ይመጣል። ትልቅ ሰው ከፊት ይሆናል፣ ዘመድ ከኋላ፤ በር ላይ ማንም አይናገርም። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የመጠየቂያው ሰዓት ደርሶ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት መጋቢያችን ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው አማቴ፣ ከእሳቸው ኋላ ባለቤቴ፣ ከዚያ እህቶች። ሁሉም በአንድ ጊዜ። ማንም አልተናገረም። ደጓ ወላድ ዞር ብላ አየቻቸውና ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች።

"ምንድን ነው? ንገሩኝ" አልኩ።

"እንጸልይ" አሉ መጋቢያችን።

ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። መጋቢያችን ሲጸልዩ ከፍጥረት ነው የሚጀምሩት፤ ወደ እኔ እስኪደርሱ ጊዜ አለ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። አማቴ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የነጠላቸው ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ላይ ነው። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። አማቴ በዚህ ነገር አይሳሳቱም፤ ለጎረቤት ልቅሶ ሲሄዱ እንኳ በመስታወት አይተው ነው የሚያስተካክሉት።

መጋቢያችን ቀይ ባሕር ደርሰው ነበር። አላስጨረስኳቸውም።

"እማዬ፣ ነጠላዎን ለምን እንዲህ ለበሱ?"

ጸሎቱ ቆመ። ሁሉም ዓይኑን ገለጠና አማቴን አየ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ራሳቸውን አዩ።

"ውይ" አሉ። "እነዚያ ሕፃናት ክፍል ያሉት ናቸው። ነጠላሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ይህን ጋውን ልበሺ ብለው አመሱኝ። ስወጣ እንዳገኘሁ ጣል አደረግኩት።"

"ገብተው ነበር?"

"በአባቷ ፈንታ አስገቡኝ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ያስፈራል፣ አሉ።"

"አዩአት?"

"አየኋት እንጂ። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፤ ግን ቱቦውን በእጇ እየመታች ነው። ከእሷ ጋር ትግል ገጥመዋል።" ነጠላቸውን አዙረው እየለበሱ ነው የሚነግሩኝ። "እግሯ ረጅም ነው። ለዚህ ነው አግድም የተኛችው፤ ሌላ ቦታ አልበቃትም።"

አለቀስኩ። ደጓ ወላድም አለቀሰች፣ ልትጠይቃት የመጣች፣ የማታውቀን እንግዳዋም አለቀሰች። መጋቢያችን ግራ ገብቷቸው ከቀይ ባሕር ልቀጥል ወይስ ልተወው በሚል ዓይን አስተባባሪዋን አዩ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሁሉም የመጣው ለየብቻው ነው። ዘበኛው ሰዓቱ እስኪደርስ በሩ ላይ ሰብስቦ ያቆያቸውና አንድ ላይ ይለቃቸዋል። መጋቢያችን ከፊት የሆኑት ሰው ሁሉ እርስዎ ይቅደሙ ስላላቸው ነው። እንጸልይ ያሉትም ሰው ቤት ሲገቡ ሁልጊዜ የሚሉት ስለሆነ ነው።

አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ፈቀደልኝና ባለቤቴ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወሰደኝ። በየጉድጓዱ ይቅርታ ይለኛል። አስፋልት ላይ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። እሱን በሩ ላይ አስቀሩት፤ እኔን እጄን አሳጥበው አስገቡኝ።

በሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ተኝታለች። ቱቦው ተነስቶላታል፤ ትግሉን አሸንፋለች ማለት ነው። ነርሷ አውጥታ ባዶ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝና ላያችንን በጨርቅ ሸፈነችን። ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ናት። ከሙቀቱ ስትወጣ ቅር አላት መሰለኝ፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አለቀሰች። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲቆጣ ግን ይከራል።

"ጡት ስጫት፣ ዝም ትላለች" አለችኝ ነርሷ።

እሺ፣ አልኩ። በመስታወቱ ወዲያ ባለቤቴ በሁለት እጁ አስጠጊያት፣ አስጠጊያት እያለ ያመለክተኛል። አማቴ ከኋላው ሆነው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሕፃን ሲያለቅስ ይባበላል። እኔ ግን ወዲያው አላባበልኳትም። ጌታዬን እያመሰገንኩ ጥቂት አዳመጥኳት።